የፌንጣ ቸርኬ

ሴቶች በቢኤምኤክስ ብስክሌት በሚወዳደሩበት የአፈር ሜዳ መዶሻ የምትባለውን ተወዳዳሪ የማያውቅ አልነበረም። በሥራ ቀን ወፍጮ ቤት ጆንያ ትሸከማለች። ቅዳሜ ሲሆን ከመነሻው በር እንደ ኮርማ ትወጣና የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ከጎኗ ያለችውን በክርኗ ታነጥፋታለች። አምና ያነጠፈቻት ብስክሌት ጠጋኟን ነበር። ጠጋኟ መንጋጋዋ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ አራት ጥርሷ አፈር ውስጥ ቀረ፤ ሁለት ወር ሙሉ አፏ በሽቦ ታስሮ ሾርባ በቀጭን ቱቦ ስትምግ ከረመች። ዳኞቹ “የውድድር አደጋ ነው” ብለው ፋይሉን ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ ብስክሌት ትሠራለች እንጂ አትወዳደርም። የምትወዳደረው ታናሿ ናት። ታናሿ ማተሚያ ቤት ወረቀት ትቆርጣለች፤ ከመነሻው በር ስትወጣ አዘላለሏን ያዩ ሰዎች ፌንጣ አሏትና እሱው ስሟ ሆኖ ቀረ።

ሐሙስ ከሰዓት ፌንጣ ከሥራ በቀጥታ ወደ እህቷ ሱቅ መጣች። ሱቁ አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ናት፤ ከጣሪያው ጎማ ተንጠልጥሏል፤ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ብረት የሚነክሰው ሞርሳ ተተክሏል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጥንድ የጎማ ቸርኬ ተቀምጦ ነበር። ፌንጣ ቀጭኑን አንስታ በአንድ ጣቷ አሽከረከረችው።

“እስኪ ያዢው እትዬ። ላባ እኮ ነው!”

“ላባ መሆኑ ነው የሚያስፈራኝ” አለች ታላቅየው። አፏ በግራ በኩል በደንብ ስለማይከፈት ቃላቱ ተንሻፈው ነው የሚወጡት። “ዘለሽ በጎን ካረፍሽ እንደ ቆርቆሮ ይታጠፍብሻል። ይሄኛው ውስጡ ድርብ ነው። ከግንብ ብታላትሚው የሚያዝነው ግንቡ ነው።”

“ግማሽ ኪሎ ይከብዳላ! በቀላሉ ከወጣሁ መዶሻ አትደርስብኝም። ካልደረሰችብኝ ደግሞ በምኗ ትመታኛለች?”

ታላቅየው መፍቻውን አስቀመጠች። “እንድታመልጫት አልፈልግም።”

“ማለት?”

“ከኋላዋ ሁኚ። ኩርባው ላይ ስትደርስ በውስጥ በኩል ግቢና የፊት ጎማሽን እግሯ ላይ ልቀቂው። ቀላሉ ቸርኬ ለዚህ አይሆንም፤ አንቺንም ይዞ ነው የሚወድቀው።”

ፌንጣ ቀልድ መስሏት ሳቀች። የእህቷ ፊት ግን እንዳለ ነው።

“የምርሽን ነው? ለአንቺ አፍ ብዬ እኔ የሰው እግር ልስበር?”

ጥፊው ሳታስበው ነው የደረሰባት። ጆሮዋ ጭው አለ። ፌንጣ ገፈተረቻት፤ ታላቅየው ጠጉሯን ጨምድዳ ጎተተቻት፤ ተያይዘው ጠረጴዛው ላይ ሲወድቁ የቸርኬ ሽቦ የያዘው ሳጥን ተገልብጦ ወለሉ ላይ ተበተነ። የፌንጣ ግንባር ከሞርሳው ጋር ተጋጨ። ዓይኗ ጨልሞባት፣ የት እንደሚያርፍ እንኳ ሳታይ ጡጫዋን ሰነዘረች።

ያረፈው የእህቷ መንጋጋ ላይ ነበር።

ታላቅየው ተንበርክካ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ ደሙ በጣቶቿ መሐል ወጣ፤ ሐኪም የተከለላትን አንድ ጥርስ መዳፏ ላይ ተፋችው።

“እትዬ… እትዬ በሞቴ፣ አሳዪኝ።”

“ተይኝ።”

ፌንጣ የተበተነውን ሽቦ አንድ በአንድ ለቀመች። ለቅማ ስትጨርስ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እህቷን ሳታያት “ጠንካራውን ሥሪልኝ” አለች።

ቅዳሜ ስምንት ሴቶች የመነሻው በር ላይ ተደረደሩ። መዶሻ ከፌንጣ ቀኝ ቆማለች።

“ፌንጣዬ፣ እህትሽ ደህና ናት?”

ፌንጣ ሽሙጥ መሰላት። ጥርሷን ነክሳ መሪዋን ጨበጠች።

በሩ ወደቀ። የቸርኬው ክብደት የታወቃት ያኔውኑ ነው፤ ፔዳሉ ጭቃ የሚረግጥ መሰላት። መዶሻ ግን በረረች። ያን ገላ ይዛ እንዲህ ትሮጣለች ብሎ ማንም አልጠበቀም። ወደ ጎን አላየችም፤ ክርኗንም ሰብስባ ነበር። ኩርባው ላይ ስትደርስ መስመሯን ይዛ ዞረች፤ በውስጥ በኩል መንገዱ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ፌንጣ ይሄን ሁሉ አይታለች። መተው ትችል ነበር። ግን እህቷ መዳፍ ላይ ያለችው ጥርስ ድቅን አለችባትና መሪዋን ጠመዘዘች።

የፊት ጎማዋ የመዶሻን የኋላ ጎማ በጎኑ አገኘው። የመዶሻ ቸርኬ እንደ ካርቶን ለሁለት ታጠፈ፤ ሽቦዎቹ ተበጠሱ። መዶሻ አንዴ ተገለበጠች፤ ግራ እግሯ የታጠፈው ጎማ ውስጥ እንደገባ ብስክሌቱ ላይዋ ላይ ወደቀ። ከኋላ የመጣችው መዞር አቅቷት በእጇ ላይ ነዳችባት። የፌንጣ ጎማ አንዴ ነዘረና ቀጥ ብሎ ሄደ። ሦስተኛ ሆና ገባች። ያጨበጨበ ሰው የለም።

ሄልሜቷን አውልቃ ስትመለስ የመዶሻ ባል አጥሩን ዘሎ ደረሰባት።  አፍንጫዋን በቡጢ ሲላት ተንጋለለች፤ ወድቃም ጎኗን በእርግጫ ደገማት። ታላቅ እህቷ ከጀርባው መጥታ ጎማ የሚነፋበትን ፖምፓ ማጅራቱ ላይ አሳረፈችው። ሰው እየሮጠ መጣ፤ የሚገላግለው ከሚደባደበው አልለይ አለ፤ አቧራው ከራስ በላይ ሆነ።

“ሽቦ የሚቆርጥ ሰው የለም ወይ!” የሚል ጩኸት መጣ። የመዶሻ ድምፅ ነበር።

ፒንሳ የያዘችው አንዲት ሰው ብቻ ናት። ጠጋኟ ፖምፓውን ጥላ ሄዳ ተንበረከከች። ሦስት ሽቦዎች በመዶሻ ባት በአንድ በኩል ገብተው በሌላው ወጥተዋል፤ አንደኛው ከተረከዟ በላይ ያለውን ጅማት በጥሶታል።

“ከሥጋሽ አልነቅለውም፤ ደሙ አይቆምም” አለቻት። “ከጎማው ቆርጬ ላላቅቅሽ፣ የቀረውን ሐኪም ያውጣው።”

“ቁረጪ። ብቻ አትሳቂብኝ።”

የመጀመሪያውን ቆረጠች። መዶሻ አፈሩን በጥፍሯ ቧጠጠች። ጠጋኟ የታጠፈውን ቸርኬ አሁን ልብ ብላ አየችው።

“ቀላሉን ነው እንዴ ያስገባሽው? አንቺ?”

“ካሁን በኋላ አንድ ሰው ብትነኪ ትባረሪያለሽ አሉኝ ዳኞቹ።” ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነው። “ሰው ሳልነካ ሮጬ ልለፋቸው ብዬ ነው።”

ጠጋኟ ሁለተኛውን ሽቦ ስትቆርጥ ፒንሳውን በሁለት እጇ ያዘችው።

አመሻሽ ላይ ዳኛው እስክሪብቶውን እንደያዘ ፌንጣን ጠየቃት። “የውድድር አደጋ ነው፣ አይደል?”

አፍንጫዋ ውስጥ ጥጥ ተወትፏል። “አይደለም። ሆን ብዬ ነው።”

እህቷ ከኋላዋ ቆማ ትሰማ ነበር።  መንገድ ላይ ግን “ማን ተናገሪ አለሽ?” ብላ ጮኸችባት።

“አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?”

 ፌንጣ በዚያው ሳምንት ልብሷን በፌስታል ሞልታ ከእህቷ ቤት ወጣች። ከውድድር ሁለት ዓመት ታገደች። የመዶሻ ጅማት ቢሰፋም እግሯ አልታዘዝ አለ፤ የወፍጮ ቤቱም ሥራ ቀረ።

በአራተኛው ወር ፌንጣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የመዶሻን በር አንኳኳች። የከፈተው ባሏ ነው። እጀታውን እንደያዘ አፍጥጦ አያት።

“ማን ነው?” አለች መዶሻ ከውስጥ።

“ማንም።”

“ማንም ከሆነ ምን አቆመህ? አስገባዋ።”

መዶሻ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች። ፌንጣን ከላይ እስከታች ለካቻት።

“ልትጥዪኝ ነበር፣ የምርሽን?”

“አዎ። እንድትወድቂ ብዬ ነው።”

መዶሻ አጠገቧ የነበረውን የውሃ ጣሳ ከነውሃው አንስታ ወረወረችው። ክንዷ እንደ ድሮው ነው። የጣሳው ጠርዝ የፌንጣን ቅንድብ ሰንጥቆት ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ባልየው ዘሎ መሐላቸው ገባና የቷን እንደሚይዝ ግራ ገባው።

“ተዋት። ጨርቅ ስጣት” አለች መዶሻ። ከዚያ ወደ ፌንጣ ዞረች። “እህትሽ ናት አይደል ያዘዘችሽ?”

ፌንጣ ጨርቁን ቅንድቧ ላይ ጫነች። “የነዳሁት እኔ ነኝ።”

 ውሃው ወለሉ ላይ እየሰፋ ሄዶ የባልየውን ጫማ ነካ።

“እንግዲህ ቆመሽ አትድሚብኝ” አለች መዶሻ በመጨረሻ። “ከመጣሽ አይቀር በዚያ በኩል ያዢና ወደ ፀሐይ አውጡኝ። ይሄ ሰውዬ ብቻውን ሲጎትተኝ ደጃፉ ላይ ያላትመኛል።”

ባልየው ወንበሩን በቀኝ ያዘ፤ ፌንጣ ጨርቁን ቅንድቧ ላይ በአንድ እጇ እንደያዘች በግራ በኩል አነሳች።