የሶፋው ልብስ

በዚያ ቤት ራቁቱን የሚያድር ዕቃ የለም። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ላስቲኩ ከማርጀቱ የተነሳ ቁጥሮቹ ስለማይታዩ ድምፅ እጨምራለሁ ያለ ሰው ጣቢያ ቀይሮ ቁጭ ይላል። ፍሪጁ ኮፍያ አለው። የስፌት መኪናዋ ቀሚስ አላት። ጃንጥላው በከረጢት፣ ከረጢቱም በሌላ ከረጢት ውስጥ ነው። የቤቱ እመቤት ልብስ ሰፊ ናት፤ ለሰው ሰፍታ የተረፋትን ጨርቅ ሁሉ ለዕቃ ታለብሳለች። ጎረቤቶቿ ከኋላዋ «ወይዘሮ ሽፋን» ይሏታል። ሰምታለች፤ አልከፋትም። «ዕቃ አፍ የለውም እንጂ ብርዱም አቧራውም እንደኛው ይሰማዋል» ብላ ታልፈዋለች።

ከሁሉም የተከበረው ሳሎን ያለው ሶፋ ነው። ባለቤቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከመሞቱ በፊት የገዛላት የመጨረሻ ዕቃ እሱ ነው። ገና ከመኪና እንደወረደ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ አፈር የመሰለ ጨርቅ ሰፍታ አለበሰችውና «እንግዳ ሲመጣ ይገለጣል» አለች። እንግዳ መጣ፣ እንግዳ ሄደ፤ ሶፋውን የሚመጥን እንግዳ ግን ጠፋ። ሰው ሁሉ፣ እሷም ራሷ፣ የሚቀመጠው በእንጨት ወንበር ላይ ነው። ከጨርቁ ስር ምን ዓይነት ቀለም እንዳለ ልጇ እንኳ ረስታዋለች።

ልጅቷ ጉርዷ ትባላለች። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ በአንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ጉርድ ፎቶ ስታነሳ ስለምትውል ነው። «አገጭ ቀና! ትከሻ ዝቅ! አትሳቅ ወንድሜ!» ስትል ጀምበር ትጠልቃለች። ሰው እንዳይስቅ እየለመኑ መኖር ደግሞ ለሳቂታ ሰው ቅጣት ነው። ልቧ ያለው ውጭ ነበር። የእረፍት ቀኗን ሐይቁ ዳር ሸምበቆ ውስጥ ተደብቃ ወፍ ስታሳድድ ትውልና፣ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች።

እነዚያን ፎቶዎች ነው አንድ ቀን የሐይቁ ጥብቅ ስፍራ ኃላፊ ያየው። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጥቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ እንደተቀመጠ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ቀረ።

«ይሄን ማን አነሳው?» አላት።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ጥሩ ዓይን አለሽ። ግን ከሩቅ ነው፤ ወፉ ዝንብ አክሏል።» ትንሽ አሰበና፣ «እኛ ፎቶ አንሺ እየፈለግን ነው። ወንዙ ሐይቁን የሚቀላቀልበት ጋ፣ የአፈሩ ግድግዳ ውስጥ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ፈልፍላለች። ጫጩቶቿ አሁን አሁን ጉድጓዱ አፍ ድረስ ብቅ ማለት ጀምረዋል። ስታጎርሳቸው ከቅርብ አንስተሽ ካመጣሽልኝ ሥራው ያንቺ ነው። ከበረሩ ግን እኔም ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አላት።

ጉርዷ በደስታ ያነሳችው ፎቶ ተንቀጥቅጦ ስለወጣ ደግማ አነሳችው። ማታውኑ ያጠራቀመችውን ይዛ ካሜራ ዕቃ ሻጩ ጋ ሮጠች። ሻጩ ሰው እግሩ ሱቅ ከገባ ባዶ እጁን የማይሸኝ ነው።

«እህቴ፣ መጀመሪያ የሚገዛው ቦርሳ ነው» አለና አንድ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ኪሱ የማያልቅ ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። «ውኃ አያስገባ፣ አቧራ አያስገባ!»

«ገንዘብ ግን ያስወጣል» አለች ጉርዷ። እሷ የምትፈልገው ረጅም ሌንስ ነበር። የአዲሱን ዋጋ ሰምታ መልሳ አስቀመጠችው። አሮጌውን አነሳች። ውጩ ተፋፍቋል። የስልኳን መብራት ከኋላው አብርታ መስታወቱ ውስጥ ሻጋታ ፈለገች፤ ቀለበቱን ጆሮዋ አጠገብ አዙራ አሸዋ ያንቋቋ እንደሆነ አዳመጠች።

«ፎቶ ልታነሺበት ነው ወይስ ልታክሚው?» አላት ሻጩ።

«ቆዳው ተልጧል፤ ዓይኑ ግን ጤነኛ ነው። እሱን እወስዳለሁ።»

«ያለ ልብስ ውጭ እንዳታወጪው ታዲያ። አንድ ዝናብ ይበቃዋል።»

«ለልብሱ አታስብ» አለች ጉርዷ እየሳቀች። «እናቴን አታውቃትም።»

እናቷ ሌንሱን ስታይ ደረቷን መታች። «ውይ በሞትኩት! ይሄን የሚያህል ዕቃ ራቁቱን ይዘሽው መጣሽ?» ከአንገቷ የማይወርደውን ሜትር አውርዳ እንደ ደንበኛ ለካችው። «ወገቡ ሰፊ፣ አንገቱ አጭር። ቁርጥ አባትሽን!» አለችና መኪናዋ ላይ ተሰየመች። ከአሮጌ የዝናብ ልብስ ቆርጣ አንድ ጋሻ የሚያክል ሽፋን ሰፋች፤ በፊት ክዳን፣ በጎን ክዳን፣ ከስር ሌላ ክዳን። ክዳኖቹን ሁሉ እንደ ልጅ ጫማ ተጣብቆ በሚላቀቅ ማሰሪያ ዘጋቻቸው። ትንኝ እንኳ መግቢያ አላገኘችም። ጉርዷ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ እናቷን አገላብጣ ሳመቻት።

በማግስቱ ንጋት ላይ ሸምበቆው ውስጥ ተኝታ ነበር። ወፏ መጣች። ሰማያዊ ክንፏ ውኃው ላይ ብልጭ አለ፤ በምንቃሯ ዓሣ ይዛ ጉድጓዱ ፊት ያለው ቅርንጫፍ ላይ አረፈች። ጉርዷ ትንፋሿን ውጣ የፊቱን ክዳን ሳብ አደረገች።

ጭርርርርር!

ዳር እስከ ዳር የተሰማ መሰላት። ወፏ ከነዓሣዋ ጠፋች። ጉርዷ ጠበቀች፣ ወፏ ተመለሰች፤ ካሜራውን ልታዞር ስትል ደረቁ የዝናብ ልብስ ተንኮሻኮሸ፤ ወፏ አሁንም ሄደች። ወፏ በሄደች ቁጥር ጫጩቶቹ ባዶ ሆዳቸውን ስለሚጮሁ፣ ጉርዷ ለጫጩቶቹ አዝና ሽፋኑንም ካሜራውንም ይዛ በደረቷ እየተሳበች ወጣች።

ቤት ስትገባ ለእናቷ የደረሰባትን ልትነግር አፏን እንኳ ሳትከፍት እናቷ ካሜራውን ነጠቀቻት። «እንዴት ቀዝቅዟል! ብርድ መቶታልኮ!» ብላ ሽፋኑን አውልቃ ወጥ ቤት ወሰደችው፤ ድስቱ እየተንተከተከ ነበርና ምድጃው ጥግ አስቀመጠችው። ከውጭ የመጣ ቀዝቃዛ መስታወት ከእንፋሎት ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ለጠየቀ መልሱ ይኸው፦ ጉርዷ ስትደርስ ሌንሱ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። በውስጡም በውጩም ጉም ለብሷል። ያንን ቀን ሙሉ፣ ማግስቱንም፣ በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ እስኪደርቅ ሲጠበቅ ዋለ። ጫጩቶቹ ደግሞ ማንንም አይጠብቁም።

ጉርዷ ያን ጊዜ ነው ትዕግሥቷ ያለቀው።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ዕቃ የምትሸፍኚው እንዲሠራ አይደለም፤ እንዳይሠራ ነው! ሪሞቱ አይሠራም፣ ሶፋው አይቀመጡበትም፣ አሁን ደግሞ የስፌትሽ ጩኸት ወፏን አባረረብኝ!»

እናቷ ሽፋኑን አንስታ አንዱን ክዳን ሳበችው፤ ጭርር አለ። ጉርዷ ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ጸጸታት። ሁለቱም ተኳርፈው፣ እራት ላይ ጨው አቀብዪኝ ከማለት ውጪ ሳይነጋገሩ ተኙ።

ሌንሱ ደርቆ ከጉሙ በጸዳ በማግስቱ፣ ጉርዷ በጓሮ በር በኩል ልትወጣ ስትል እናቷ ጫማዋን አድርጋ፣ ትልቅ ዘንቢል ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ወዴት ነው?» አለች ጉርዷ።

«ካንቺ ጋር። ስፌቴ የት ላይ እንደሚጮህ በጆሮዬ ልስማው።»

መከራከር የሚሆን አይደለም። ሁለቱ ሴቶች በሸምበቆው ውስጥ ተሳቡ፤ እናትየዋ እየተሳበችም «ኧረ ይሄ ጭቃ! ኧረ ይሄ ቀሚሴ!» ትላለች፤ ጉርዷ ደግሞ «እሽሽ!» ትላለች። ቦታው ሲደርሱ እናቷ ከዘንቢሉ አዲስ ሽፋን አወጣች። ክዳን የለውም። ከፊት ለሌንሱ ክፍት ነው፤ ከኋላ ሁለት እጅጌ አለው፤ እጅ ያስገባ ሰው ካሜራውን ከውስጥ እንዳሻው ያዞራል። የሚዘጋው በአንዲት የጥጥ ገመድ ነው። ውስጡ ውኃ የማያሳልፍ ስስ ጨርቅ ነው፤ ውጩ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ አፈር የመሰለ።

ጉርዷ ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰችው። አልተንኮሻኮሸም።

«እማዬ፣ ይሄን ጨርቅ የት ነው የማውቀው?»

«ዝም ብለሽ አልብሺው። ወፏ ትሰማለች።»

አለበሰችው። ያን ጊዜ ዝናቡ መጣ፤ አወራረዱም ለጉድ ነበር። ውኃው ፈላ፤ ሸምበቆው ጎበጠ። ጉርዷ ዘወር ስትል እናቷ ባዶ ጭንቅላቷን ዝናብ ላይ ተቀምጣለች፤ ውኃው በአፍንጫዋ ጫፍ ይወርዳል።

«ጃንጥላሽስ?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ካሜራሽ ለብሶታል።»

ጉርዷ ሆዷ ባባ፤ ሳቋም መጣ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ዋጠቻቸው። የወፏ ጥሪ ተሰማ። ሰማያዊው ብልጭታ ከዝናቡ ውስጥ ወጣና ቅርንጫፉ ላይ አረፈ። ጉርዷ በእጅጌው ውስጥ ሌንሱን አዞረች፤ ድምፅ የለም። ወፏ ወደ እነሱ አየች፤ ያየችው ጭቃ የሚመስል ጉብታ ነው፤ ናቀችው። ጉድጓዱ አፍ ላይ አንድ ጫጩት ብቅ አለ፣ ከኋላው ሌላው ገፋው፣ ሦስተኛው በሁለቱ መሃል አንገቱን አሾለከ። ሦስቱም አፋቸውን ከፈቱ። ወፏ ክንፏን ዘርግታ፣ የዝናብ ጠብታ ከጀርባዋ እየተፈናጠረ፣ ዓሣውን ለመካከለኛው አጎረሰች። ጉርዷ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች፤ ደግማ ተጫነች፤ ጣቷ እስኪደክም ተጫነች።

«አገኘሻት?» አለች እናቷ።

«አገኘኋት!»

«እልልል» ልትል አፏን ስትከፍት ጉርዷ በጭቃማ እጇ ከደነችላት። ጭቃ በአፏ የገባባት እናት እዚያው እየሳቀች ተንፈራፈረች።

ከዚያ ካሜራውን ዘንቢሉ ውስጥ ከትተው በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄዱ። ምንጣፉ ላይ እየተንጠባጠቡ ገቡ፤ ክፍሉ ማሞቂያ ነበረው። ኃላፊው ከወንበሩ ብድግ ብሎ «እስቲ አሳዪኝ!» አለና እጁን ወደ ዘንቢሉ ላከ። እናትየዋ ዘንቢሉን በሁለት እጇ እቅፍ አደረገችው።

«ይቆዩ ጌታዬ። ከብርድ ነው የመጣ። ሙቀቱን ይልመድ፤ አለዚያ ያልበዋል።»

«እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?»

«ሰፊዋ ነኝ» አለች ኮራ ብላ።

ኃላፊው ጉርዷን አየ፤ ጉርዷ ጣሪያውን አየች። ሰውየው በገዛ ቢሮው ተገትሮ ዘንቢሉ የሚከፈትበትን ፈቃድ ጠበቀ። ጉርዷ በልቧ ትጠይቃለች፤ ፎቶው ደብዝዞ ቢሆንስ? ዝናቡ ጫጩቶቹን ሸፍኗቸው ቢሆንስ? በመጨረሻ እናቷ እጇን ወደ ዘንቢሉ አስገብታ ካሜራውን ዳሰሰች፤ እንደ ሕፃን ግንባር። «አሁን ይሁን» አለች።

ኃላፊው የካሜራውን ስክሪን አየ። ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው። ሲመለስ ሳቅ ፊቱን ሞልቶት ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ዝናቡን እንኳ ጠብታ በጠብታ አንስተሽዋል! በመጪው ሳምንት ሥራ ትጀምሪያለሽ።» ከዚያ አፈር የመሰለውን ሽፋን አንስቶ አገላበጠው። «ይሄንንስ ከየት ነው የገዛችሁት? ለሌሎቹ ሠራተኞቻችንም እንፈልጋለን።»

«ይሄ የሚሸጥ አይደለም» አለች እናትየዋ። «ለሌሎቹ ግን ልኬታቸውን ያምጡ።»

መንገዱን ሙሉ ሁለቱ ሲስቁ፣ ሲጋፉ፣ አንዷ ስትዘፍን ሌላዋ ስትቀበል ቤት ደረሱ። ጠዋት በጓሮ በር ነበርና የወጡት፣ ጉርዷ ሳሎኑን ያየችው ያን ጊዜ ነው። በር ላይ ደርቃ ቀረች።

ሶፋው ቀይ ነበር። እንዲህ ዓይነት ቀይ ቀለም በቤቱ ውስጥ እንዳለ ማንም ሳያውቅ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሯል፤ የተሸለተ በግ መስሎ ሳሎኑ መካከል ቆሟል። ጉርዷ አባቷ ከመኪና ላይ እየገፋ ሲያወርደው፣ «ለናትሽ ቀይ ነው የሚያምርባት» ሲል የሰማችው ባንዴ ትዝ አላት።

«እማዬ…» አለች።

«ተቀመጪ» አለች እናቷ።

«ጭቃ ነኝ እኮ! ውኃ ነኝ!»

«እንግዳ ሲመጣ ይገለጣል ብዬ አልነበር?» ቀሚሷን ሳትጨምቅ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ እናትየዋ ራሷ ዘጭ ብላ ተቀመጠችበትና አጠገቧን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «የምጠብቀው እንግዳ አንቺ ነሽ ለካ። ነይ ቁጭ በይ፣ አባትሽ ደስ ይበለው።»

ጉርዷ ተቀመጠች። እናቷ ሪሞቱን አነሳች፤ ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችውና ድምፁን ጨመረችው።