ዳገቱ ላይ የሚመጣው ድምፅ

መብራህቱ የረጅሙን ካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ አዳመጠ። እንዲህ እያደረገ ነው ያረጀው። ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ እሱ ሞተር ያዳምጣል። በመጨረሻ ቀና አለ።

«ምን አለህ?» አለው አብዱልሙሀይሚን።

«ምንም አላለኝም።»

«እና እኔ አበድኩ? ያንኳኳል እኮ ነው የምልህ! ከድልድዩ ስወጣ ቋ ቋ ቋ ይላል። ትናንት አንዱ ተሳፋሪ ‹አባባ፣ ይቺ ላዳ በርበሬ ትወቅጣለች እንዴ?› አለኝ።»

«አስነጥሶት ወረደ?»

«ሳቅ! ሳቅ አንተ! መካኒክ ሲያቅተው ይስቃል።»

ጋራዡ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው መንገድ፣ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ጀርባ የተወሸቀች ግቢ ናት። ሁለቱ ሰዎች በጎረምሳነታቸው የተዋወቁት እዚሁ ነው። መብራህቱ ያን ጊዜ ብሎን አጣቢ፣ አብዱልሙሀይሚን የሰው ታክሲ ነጂ ነበሩ። ቆይቶ አብዱ የራሱን ሰማያዊ ላዳ ገዛ። ሰፈሩ ስለ እሱ የሚለው ነገር ነበረው፤ «አብዱ ማርሽ የሚቀይረው በጆሮው ነው» ይሉታል። እውነት ነው። ሞተሩ ከመጨነቁ በፊት እጁ ይቀድም ነበር። መብራህቱም «ሁሉም እንደ አብዱ ቢነዳ እኔ ጦሜን አድር ነበር» ይላል።

ይሄ የሚያንኳኳው ድምፅ ግን ከክረምቱ ጀምሮ አስቸገረ። መብራህቱ መጀመሪያ ካንዴላዎቹን ቀየረ። ቀጥሎ የሞተሩን ክዳን አውርዶ ውስጡን አየ፤ ንጹሕ ነው። በየጥገናው መጨረሻ ላይ መሪውን ይዞ እስከ ድልድዩ ወርዶ፣ ዳገቱን ወጥቶ ይመለሳል። የጋራዥ ደንብ ነው፤ የተጠገነ መኪና የሚፈትነው መካኒኩ ነው፣ ባለቤቱ ጎን ይቀመጣል። መብራህቱ ሲነዳት ላዳዋ ጭጭ። አብዱ ይዟት በሄደ በማግስቱ ግን «ያንኳኳል» እያለ ይመለሳል።

በዚህ ቀን ግን የመብራህቱ ቀኝ እጅ በፋሻ ተጠቅልሏል። ክሪክ አምልጦ መዳፉን ሰንጥቆታል።

«ዛሬ አንተ ንዳ» አለው። «እኔ ልቀመጥና ልስማ።»

«ደንቡ ተሻረ?»

«እጄ ነው የተሻረው። ንዳ።»

ቁልቁለቱን ደህና ወረዱ። ድልድዩ ጋ እንደ ወትሮው ሰው ከመኪና ጋር ይጋፋል፤ ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ ወያላው። አብዱ አንዷን ጎመን ሻጭ በመስኮት «እሜቴ፣ አስፋልቱን ለኛ ተይልን!» ብሎ አሳቃት። ከዚያ ዞሩና ዳገቱን ያዙ።

እኩሌታው ላይ ሞተሩ ደከመ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

«ሰማህ!» አለ አብዱ። ፊቱ በራ። «ሰማህ አይደል? አላበድኩም! ወላሂ አላበድኩም!»

መብራህቱ ሰምቷል። የሰማውን ለማመን ግን ዓይኑን ወደ ጓደኛው ላከ። የአብዱ ሁለት እጆች መሪው ላይ ናቸው። ግራ እግሩ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ማርሹ አራተኛ ላይ ነው። በአራተኛ ይህን ዳገት የሚሞክር፣ ትናንት መንጃ ፈቃድ የወሰደ ልጅ እንኳ የለም።

«ማርሽ ቀንስ» አለው ቀስ ብሎ።

«እ?»

«ማርሹን።»

አብዱ ዝቅ ብሎ የማርሹን ዘንግ አየው። መልኩን የሚያውቀው፣ ስሙ የጠፋበት ሰው መንገድ ላይ እንዳገኘ ሁሉ አየው። ከኋላ ክላክሱ በዛ። መብራህቱ ፋሻ የተጠቀለለ እጁን የጓደኛው እጅ ላይ ጫነና «ፍሪሲዮን ርገጥ» አለ። ረገጠ። ሁለተኛ አስገቡ። ድምፁ ቀጥ አለ፤ ላዳዋ ዳገቱን እንደ ፍየል ወጣች።

«ማንኳኳቱን ተወው?» አለ አብዱ።

«ተወው።»

«አየህ፣ አንዳንዴ ራሱ ይተዋል።»

መብራህቱን ቁስሉ ይጠዘጥዘው ጀመር።

ወደ ጋራዡ መግቢያ ሲደርሱ አብዱ አልታጠፈም። አልፎ ወደ ድሮ ሰፈሩ፣ ወደ ዶሮ ማነቂያ ሄደ። ሰፈሩ ፈርሷል፤ ቤቶቹ በነበሩበት የቆርቆሮ አጥር ተገትሯል። አብዱና ልጁም ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ከርመዋል። አብዱ አጥሩ ጥግ አቆመና ክላክሱን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገ።

ይቺን ጥሪ መብራህቱ ያውቃታል። ሚስቱን ረይሀናን የሚጠራባት ነበረች።

«ሻሿን ሦስቴ ሳታስተካክል አትወጣም» አለ አብዱ ፈገግ ብሎ፣ መሪውን በጣቱ እየመታ።

የረይሀናን ጀናዛ ከተሸከሙት ሰዎች አንዱ መብራህቱ ነበር።

የአጥሩ ዘበኛ መጣ። «አባቴ፣ እዚህ ማቆም አይቻልም።»

«ሚስቴን ነው የኔ ልጅ፤ አሁን ትወጣለች።»

ዘበኛው ባዶውን ሜዳ አየ። መብራህቱን አየ። ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ዛሬ አትወጣም አብዱ» አለ መብራህቱ። «ቀድማን ሄዳለች።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

«ልማዷ ነው። መጠበቅ አትችልም» አለና ቁልፉን አዞረ። መብራህቱም «ሁለተኛ… አሁን ሦስተኛ…» እያለ ወደ ጋራዡ አደረሰው።

የአብዱ ልጅ ኑሰይባ ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። መብራህቱ ሲደውልላት ሥራዋን ጥላ መጣች። መብራህቱ ከበሩ ውጭ አስቁሞ ያየውን ነገራት። አልደነገጠችም።

«ቤቱንም እየሳተ ነው» አለች። «ባለፈው የመኪናውን ቁልፍ ደበቅኩበት። ሌባ አለኝ፤ ጋሽ መብራህቱ፣ አባቴ እኔን ሌባ አለኝ። በሕይወቱ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ከኔ አይቀበልም። ስለ መኪና ግን እርስዎ ካሉ አለቀ።»

«ምን ልበለው?»

«ሞተሩ ሞቷል ይበሉት።»

መብራህቱ መሬት መሬት አየ። «ደህናውን ሞተር ሞቷል ብዬ አላውቅም፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የሚያምንዎት። ነገ ድልድዩ ጋ እግሩ ፍሬኑን ቢያጣውስ? ያ ሁሉ ሰው መሃል?»

«መኪናውን ከወሰድንበት ምን ይቀረዋል?»

«እኔ እቀራለሁ» አለች ኑሰይባ።

ሲገቡ አብዱ ኮፈኑን በጨርቅ ይወለውል ነበር። መብራህቱ ከፍቶ ካቻቪቴውን አነሳ። «አስነሣት» አለው። ጆሮውን እጀታው ላይ አደረገ። ሞተሩ ይሠራል፤ እኩል፣ ንጹሕ፣ እንቅፋት የሌለው። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።

«አብዱ።»

«አቤት።»

«ጨርሷል።»

«ምኑ?»

«ውስጡ። ከእንግዲህ አይነዳም።»

«ዕቃ ይፈለጋላ!»

«ዕቃ የለውም፣ ሓወይ፣ ወንድሜ።»

አብዱ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። «አምጣው እስቲ» ብሎ ካቻቪቴውን ተቀበለ። ጎንበስ ብሎ እሱም አዳመጠ። የዕድሜ ልክ ልምድ ያለው ጆሮ ነው። ቀስ በቀስ ፊቱ ተፈታ።

«መብራህቱ፣ ይሄ ሞተር ደህና ነው።»

አብዱ የጓደኛውን ፊት አየ። የታሰረውን እጁን አየ። ከዚያ በሩ አጠገብ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ የያዘችውን ልጁን አየ። ብዙ አያት። ተመልሶ ጎንበስ አለና ሞተሩን እንደገና አዳመጠ፤ አሁን ከፊተኛው ይልቅ ቆየ።

«አዎ» አለ። «አሁን ሰማሁት። ጨርሷል።»

እጁን በመስኮት አስገብቶ ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ነቅሎ በመብራህቱ ፋሻ ላይ አስቀመጠው። እንዳያመው በጣም ቀስ አድርጎ ነበር ያስቀመጠው።

ኑሰይባ መጥታ ክንዱን ያዘችው። እምቢ አላላትም። እስከ በሩ ሄዱና እዚያ ቆመ፤ ወደ ላዳዋ ሳይሆን ወደ መብራህቱ ዞረ።

«የሚገዛት ሰው ሲመጣ» አለ፣ «ዳገቱን በሁለተኛ ይውጣ በለው። በአራተኛ እንዳያስጨንቃት።»

«እነግረዋለሁ» አለ መብራህቱ።