ለነገ የቀረች እጅጌ

«ይቺን እጅጌ ማን ነው የሰፋት?»

የሟቹ ልብስ ሰፊ ሚስት፣ ባሏ ጀምሮ የተወውን ግራጫ ኮት ይዛ የሥራ ክፍሉ በር ላይ ስትቆም፣ ሊያጽናኗት የመጡት ጎረቤቶች ቀና ብለው አዩአት።

«እኔ ነኝ» አለች የሟች እህት። «የኮቱ ባለቤት እንዳይጉላላ ብዬ ማታ ጨረስኩት። አጠፋሁ እንዴ?»

«ኧረ የለም። እጅሽ ይባረክ» ብላ ሚስቱ ወደ ሥራ ክፍሉ ተመለሰችና በሩን ዘጋች።

ሟቹ ጨዋታ አዋቂ ነበር። ሱሪ የጠበበው ደንበኛ ሲመጣ «አንተ መች ወፈርክ፣ ጨርቁ ነው የከሳው» ይል ነበር። አንዲት ልጃቸው ታማ የሞተች ጊዜ ግን ቀልዱም እንቅልፉም ጠፋ። አንድ ቀን ከስፌቱ ቀና ሳይል፣ «መኖር ሰለቸኝ፤ ራሴን ባጠፋ ይሻለኛል» አላት። ሚስቱ አልጮኸችም። አጠገቡ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው የሙሽራ ኮት ላይ አረፈ።

«እጅጌውን ሳትገጥምለት? ሰውዬው በአንድ እጅጌ ሊሞሸር ነው?»

ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ተቀየረ፣ እሷም አብራው አለቀሰች። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ይዛው ሄደች፤ መዳኑ ጊዜ ፈጀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ጀምሮ ያልጨረሰው ስፌት ላይ መርፌውን ሳይሰካ የሥራ ክፍሉን ዘግቶ አያውቅም ነበር። «ይቺ የነገ ናት» ይል ነበር። ልቡ ድንገት ቀጥ እስካለችበት ቀን ድረስ እንዲሁ ኖረ።

እሱ ከሞተ ጀምሮ ሚስቱ በየጠዋቱ እየገባች በግራጫው ኮት እጅጌ ላይ የሰካትን ያቺን የመጨረሻ መርፌ ታይ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። አሁን መርፌዋ የለችም፣ ኮቱ አልቋል። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነገን ስታስበው ምንም አልታይ አላት።

የሟች እህት በሩን ቀስ ብላ ከፍታ ገባች። «ምን ሆነሽብኝ ነው? አትደብቂኝ።»

«እኔ እንጃ፤ አብሬው በሄድኩ እያልኩ ነው» አለች ሚስቱ። የመርፌዋንም ነገር ነገረቻት።

እህትየው አልተቆጣችም፣ አልመከረችም። እጇን ጭብጥ አድርጋ ያዘቻት። ከዚያ ትንሿን መቀስ አንስታ፣ የገዛ ስፌቷን ከእጅጌው ጫፍ መተርተር ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምኑ ስፌት ነው ይሄ? እባብ የሄደበት ይመስላል። ወንድሜ ቢያየው ኖሮ ለዓመት መሳቂያ ያደርገኝ ነበር።»

ሚስቱ ሳታስበው ፈገግ አለች።

«ዛሬ እዚሁ ነው የማድረው፤ ብቻሽን አልተውሽም» አለች እህትየው። «ሐኪም ዘንድም አብረን እንሄዳለን። ይቺ እጅጌ ደግሞ እንዴት እንደምትሰፋ ጠዋት አንቺው ታሳዪኛለሽ።»

ሚስቱ መርፌ ውስጥ ክር አስገባች። መርፌውን እጅጌው ጫፍ ላይ ሰካችው። ከዚያ የባሏን ወንበር ትንሽ ገፋ አድርጋ፣ ሁለተኛ ወንበር አጠገቡ አስቀመጠች።