የአባቷ ቀኝ ጆሮ

ጄሶው በመዶሻ ሲፈረካከስ መጀመሪያ ብቅ ያለው አፍንጫው ነበር። ቀጥሎ ግንባሩ፣ ከዚያ አገጩ። ልጅቱ ትንፋሿን ውጣ የምትጠብቀው ግን ቀኝ ጆሮውን ነው። የመጨረሻው የጄሶ ቁራጭ ወደቀ፤ መዶሻዋም ተከትሎት ወደቀ።

«ማነው ጆሮ ያበቀለለት?»

ከጄሶው የወጣው በነሐስ የተሠራ የአባቷ ጭንቅላት ነው። አባቷ ነሐስ አቅላጭ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሌሎች ቀራጮችን ሥራ፣ የሹማምንት ደረትና የፈረስ ኮቴ በነሐስ ሲያፈስ የኖረ። ድሮ፣ እሷ ሳትወለድ፣ ነሐስ የሚፈስበት አንድ የጄሶ ቅርጽ ውስጥ እርጥበት ቀርቶ የቀለጠው ነሐስ ተፈናጠረና ቀኝ ጆሮውን ከግማሽ በላይ በላው። የተረፈው የተጨማደደ ጠርዝ የተነከሰ ብስኩት ይመስላል። ሰፈርተኛው «አንድ ጆሮ» ብሎ ይጠራዋል፤ እሱም አቤት ይላል።

የጋለሪዋ ባለቤት ከስንት ወጣት ቀራጭ መሀል ልጅቱን የመረጠቻት በዚያ ጆሮ ነው። ልጅቱ መጀመሪያ በጭቃ የሠራችውን ባየች ጊዜ መነጽሯን አውልቃ፣ «ፊቱ ደህና ነው፤ ይሄ ጆሮ ግን መንገደኛ ያስቆማል» ነበር ያለቻት። ለልጅቱ የመጀመሪያዋ ኤግዚቢሽን ነው፤ መክፈቻው ደግሞ ከነገ ወዲያ። አሁን ፊቷ የተቀመጠው ሰውዬ ሁለት ሙሉ ጆሮ አለው፤ ማንንም አያስቆምም።

አባትየው ቀረብ ብሎ ነሐሱን አየና የራሱን ጆሮ ዳበሰ።

«አቤት፣ ለካ እንዲህ መልከ መልካም ነበርኩ!»

«አባዬ፣ አትቀልድ። አንተ ነህ?»

«እኔ ማቅለጥ እንጂ መጠገን መች ዐውቅበታለሁ? የሰሙን ባለሙያ ጠይቂ።»

የሰሙ ባለሙያ እናቷ ናት። በዚህ ወርክሾፕ ማንኛውም ነገር ነሐስ ከመሆኑ በፊት ሰም ይሆናል። ሰሙ ጄሶ ይለብስና እሳት ውስጥ ቀልጦ ይወጣል፤ እሱ በለቀቀው ባዶ ቦታ ነሐሱ ይገባል። ሰሙ ላይ የነበረ ሁሉ፣ የጣት አሻራ እንኳ ቢሆን፣ ነሐስ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጄሶ ከመልበሱ በፊት እያንዳንዱ ሰም በእናትየው እጅ ያልፋል። አረፋ የበሳውን ትደፍናለች፣ የተሰበረ ጣት ትቀጥላለች፣ የተገመሰ ጫማ ትሞላለች። ልጅቱ ሰሙን ለእሷ ትታ ስለ ነሐሱ መቆሚያ ልትነጋገር ወደ ጋለሪው ሄደች፤ ስትመለስ የአባቷ ጭንቅላት እንደ አራስ ልጅ በጄሶ ተጠቅልሎ ጠበቃት።

እናትየው እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከሰም ክፍሉ መጣች።

«ምንድነው ጩኸቱ? ተሰነጠቀ እንዴ?»

«እማ፣ ጆሮውን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ተሰብሮ መጣ። አንቺ እንደሆንሽ ችኩል ነሽ፤ ሰሙን ከቅርጹ ስታወጪ ገንጥለሽዋል። የግራውን እያየሁ ቀጠልኩልሽ። ምነው፣ አላማረም?»

ልጅቱ በጣቷ ወደ አባቷ ጠቆመች። እናትየው ነሐሱን አየች። ባሏን አየች። ተመልሳ ነሐሱን አየች። ከዚያ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

«ውይ! ውይ በሞትኩት!»

አባትየው እስኪያስለው ሳቀ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለባለቤቴም ባዳ መሆኑን ዛሬ ገና አየሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም በል!»

«ሰፈር ሙሉ አንድ ጆሮ እያለ ሲጠራኝ አትሰሚም?»

«እሱማ ስምህ ነው። ስም ማን ልብ ይለዋል?»

ልጅቱ አልሳቀችም፤ ደሟ ፈልቷል። የአባቷን ፀጉር የምትቆርጠው እኮ እናቷ ናት። በየወሩ መቀሱን በዚያ ጆሮ ዙሪያ ስታዞር ኖራ እንዴት ይረሳል? ነሐስ መቁረጫውን ግራይንደር አነሳችና ገመዱን ሰካች።

«ስጪኝ» አለች እናትየው። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«እማ፣ ጊዜ የለንም።»

«ስጪኝ አልኩሽ! በንዴት የተቆረጠ ነገር አያምርም።»

ባሏን ነሐሱ አጠገብ ሳጥን ላይ አስቀመጠችው። አገጩን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችውና በሌባ ጣቷ የጆሮውን ጠርዝ ቀስ እያለች ተከተለች፤ ከላይ ወደ ታች፣ እንደገና ከታች ወደ ላይ። በሌላ እጇ ጠመኔ ይዛ የዳሰሰችውን ነሐሱ ላይ ታሰምራለች።

«ያሳክካል» አለ አባትየው።

«ዝም በል፣ ሥራ ላይ ነኝ። እዚህ ጋ ትንሽ ቀዳዳ ነበረች እንዴ?»

«ድሮም ነበረች።»

«ያምሃል?»

«ብርድ ሲሆን።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«ብርድ ሲሆን ሻርፕ ትጠመጥሚልኝ የለ? የምታውቂ መስሎኝ ነዋ።»

«እኔ ጉንፋን ፈርቼ ነው!»

ልጅቱ ጠጋ ብላ አየች። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። ወራት ሙሉ ያንን ጆሮ ስታይ፣ ስትለካ፣ ስትሥል ከርማ ጭቃው ላይ አላደረገቻትም። መንገደኛ የሚያስቆመውን ጠርዝ ብቻ ነበር ያየችው። ሰዓቷን ማየት ተወችና የነሐሱን ጭንቅላት እንዳይነቃነቅ በሁለት እጇ አቅፋ ያዘችላቸው።

ግራይንደሩ ጮኸ፤ ፍንጣሪው ወለሉ ላይ ተበተነ። አባትየው ጆሮውን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «ቀስ! ያመኛል!» አለ። ይሄኔ ልጅቱም ሳቀች። የተቆረጠው ጆሮ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ እናትየው በጨርቅ አንስታ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ጨመረችው። ከዚያ ሞረድና መሮ ይዛ ጠርዙን ስታጨማድድ ዋለች። ቀዳዳዋን የበሳችው መጨረሻ ላይ ነው።

የመክፈቻው ዕለት ሰው እየመጣ ጆሮው ጋ ቆመ። አባትየው ምሥጢር አያውቅም፤ ላገኘው ሁሉ ታሪኩን ሲያወራ ወሬው የጋለሪዋ ባለቤት ዘንድ ደረሰ። እየተጣደፈች መጣች።

«የኔ ቆንጆ፣ የተቆረጠው የት አለ? በትንሽ መቆሚያ ከጎኑ ብናደርገው እኮ ጋዜጣው ሁሉ ስለ አንቺ ነበር የሚጽፈው!»

ልጅቱ ወደ እናቷ አየች። እናትየው አንድ እጇን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከታ አንድ ነገር ታገላብጣለች።

«የለም» አለች ልጅቱ።

«ጠፋ?»

«አልጠፋም። ባለቤት አለው።»

«እንግዲያው እንጠይቀዋ!»

«አይሰጡዎትም።»

አዳራሹ ቀዝቃዛ ነበር። እናትየው ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ ባሏን ጠመጠመችው፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ከፍ አድርጋ ጆሮውን ሸፈነችለት።

«እንዴ፣ ሰው እንዲያየው አይደል የመጣነው?»

«የነሐሱን ይዩ» አለችው።