የአትጠገብ የክርስትና ስም

«እና ለሴትዮዋ ምኗ ነሽ?» አሉ አባ ገብረ ማርያም፣ ጉልበታቸው ላይ የዘረጉትን መዝገብ ሳይዘጉ ዘይቱናን ከሻርፗ እስከ ጫማዋ እያዩ።

«አክስቴ ናት፣ አባ። የእናቴ እህት።»

«ስምሽ ዘይቱና፣ የምትፈልጊው የክርስትና ስም!» ብለው ሳቁ። «ይሁን፤ ወሎ ነው፣ ምን ይደንቃል።»

ሳቃቸው ግን መዝገቡን ወደ ኋላ አላራዘመውም። የሐርቡ ደብር መዝገብ የሚጀምረው ከአርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ወዲህ ነው፤ አትጠገብ ደግሞ እዚሁ የተወለደችው ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት።

ነገሩ የተነሳው ደሴ ነው። አትጠገብና ባሏ በላቸው ሠላሳ ዓመት በሰማንያ ኖረው፣ ልጆቻቸውን ድረው ሲያበቁ፣ በስተርጅና ለመቁረብ ተስማሙ። ንስሐ አባታቸው ደስ ብሏቸው ለእሑድ ቀን ቆረጡና የሁለቱን የክርስትና ስም ጠየቁ። በላቸው ወዲያው ተናገረ። አትጠገብ ግን የራሷን አታውቅም። እናትና አባቷን ወባ በአንድ ሳምንት ሲጨርሳቸው የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ስሟን የነገራት የለም፣ መጠመቋንም የሚመሰክር አልተገኘም።

«ካልተጠመቀች ትጠመቃለች፤ ተጠምቃ ከሆነ ግን ሁለተኛ ጥምቀት የለም» አሉ ቄሱ። «ስሟንና ክርስትና ያነሳቻትን ሰው ካወቅሁ ይበቃኛል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አትጠገብ እህል አልወርድላት አለ። «ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው» አለቻት ለዘይቱና፤ «አንድ ቀን ማተቤን አልፈታሁ። ለካ በምን እንደምጠራ እንኳ አላውቅም።»

ማተቧን ያላስፈቱት፣ ሁለቱን ወላጅ አልባ እህትማማቾች ያሳደጉት እስላሙ ጎረቤት ሀምዱ ነበሩ። «የሰው አደራ ነው፤ እንዳትነኩባት» ይሉ ነበር ይባላል። ታናሺቱ ግን ስታድግ የሀምዱን የወንድም ልጅ ወደደች፤ አግብታው መዲና ተባለች፤ ዘይቱናን ወለደች።

ዘይቱና ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ነው የምትሠራው። በሳምንት አንዴ የምታገኘውን ዕረፍቷን ይዛ ሐርቡ የወረደችው ለዚህ ጉዳይ ነው። አሁን አባ መዝገቡን ዘጉት።

«ወረቀት ባይኖር ሰው አይጠፋም» አሉ አባ፣ አትጠገብን ማን እንዳሳደጋት ከዘይቱና ሰምተው። «ከሀምዱ ወገን ማን ቀረ?»

«እህታቸው እማማ ሐዋ አሉ።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ?»

«የክርስትና ነገር እስላም ቤት ይገኛል ብዬ መች አሰብኩ፣ አባ!»

እማማ ሐዋ ደጃቸው ላይ ካለው ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ማሽላ ያበጥራሉ። ጥያቄውን ሲሰሙ ሰፌዱን አስቀመጡት።

«ያ ረቢ! የአትጠገብን ክርስትና? እኔ አይደለሁ እንዴ ተሸክሜ የወሰድኳት! እናቷ ያኔ አልጋ ላይ ናት፤ ሰማንያ ቀኑ ደግሞ ደርሷል። እኔ ኮረዳ ነበርኩ። ከደጀ ሰላሙ አድርሼ ለሸዋረጋ አቀበልኳት። ያነሳቻት ሸዋረጋ ናት፤ ወላሂ!»

«ስሟስ፣ እማማ?»

«እኔ ውጭ ቆሜ ምን ሰማሁ፣ የኔ ልጅ? ብቻ ሸዋረጋ መርሳት ትፈራ ነበር። ያነሳቻቸውን ልጆች ሁሉ ዳዊቷ ላይ በቄስ ታስጽፋለች። እሷስ ሞተች፤ ልጇ ደምመላሽ ኮምቦልቻ ልብስ ይሰፋል አሉ።»

ዘይቱና ደምመላሽን ታውቀው ነበር። የፋብሪካ ቱታዋን ሁለት ጊዜ አሳጥሮላታል። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ስትደርስ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋ ነበር። የመጣችበትን ስትነግረው የስፌት መኪናውን አቁሞ ከኋላ ክፍል በነጠላ የተጠቀለለ ዳዊት ይዞ ተመለሰ። የመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ ስሞች በቀይና በጥቁር ቀለም ተደርድረዋል። በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ አራተኛው ላይ ቆመ።

«አትጠገብ፤ ወለተ ኪዳን። ሚያዝያ ፲፱፻፳፩።»

«አልሐምዱሊላህ!»

«እግዜር ይመስገን!» አለ እሱም፤ አንድ ላይ በመጮኻቸው ሁለቱም ሳቁ።

«ቆይ፣ ከሥሯ ደግሞ ሌላ አለች» አለ ደምመላሽ። «ፋንታዬ፤ ወለተ ሩፋኤል። እሷስ ያንቺ ናት?»

ዘይቱና አጎንብሳ መስመሩን አየችው። መዲና ከመባሏ በፊት እናቷ ፋንታዬ እንደነበረች ከአክስቷ ሰምታለች። ይህን ሌላውን ስም ግን ሰምታው አታውቅም። እናቷ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስለ እሷ ገና አዲስ ነገር እሰማለሁ ብላ አልጠበቀችም ነበር።

«እናቴ ናት» አለች። «ሁለቱንም ወረቀት ላይ ይጻፉልኝ፣ ጋሼ።»

አውቶቡሱ የሐረጎን ዳገት እያቃሰተ ወጥቶ ደሴ ሲያደርሳት ፀሐይ አልጠለቀችም። አትጠገብ ፊደል የቆጠረችው በጎልማሳነቷ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ወረቀቱን ከዓይኗ አርቃ «ወ… ለ… ተ… ኪ… ዳን» ብላ ለቀመችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ እልልታዋን አቀለጠችው።

በላቸው ከጓዳ ሮጦ ወጣ። ነገሩን ሲረዳ፣ «ሠላሳ ዓመት ከማን ጋር እንደኖርኩ ዛሬ ገና ተነገረኝ!» ብሎ ግንባሯን ሳማት።

አትጠገብ ሁለተኛውን መስመር ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። በጣቷ ዳሰሰችው።

«ፋንትዬ» አለች ቀስ ብላ። «የሷንም ለቄሱ ልንገራቸው? በጸሎት ያስቧት? እናትሽ ናት፤ አንቺ ያልሽው ይሁን።»

ዘይቱና እናቷ እስከ መጨረሻው ሳምንት መስገጃዋን ራሷ ስታነጥፍ ታያት። «አይ፣ እቴቴ። እሷ በመረጠችው ሄዳለች። ለቄሱ አትንገሪያቸው። አንቺ ግን ስትጸልዪ በፈለግሽው ስም ጥሪያት።»

አትጠገብ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው የኔን ለቄሱ ልውሰድ፣ የሷን አንቺ ያዢ» ብላ ወረቀቱን በሁለቱ ስሞች መካከል አጠፈችና ልትቀድ ጫፉን ያዘች።

ዘይቱና እጇን ያዘቻት።

«አትቅደጂው። ያንቺን በቃልሽ ንገሪያቸው።»

ወረቀቱን ተቀብላ እጥፋቱን በመዳፏ አቃናችና እንዳለ በአክስቷ ሣጥን ውስጥ አኖረችው።