ካሣዬ ንግሥቱን ሲሰጠኝ

ካሣዬ ቼዝ ላይ ምሕረት አያውቅም። የልጁን ባል እንኳ ገና ሙሽራ ሳለ፣ ሰው እያየ አዋርዶ ረትቶታል። በጎንደር ውድድር የሚደርስበት አልነበረም። እኔ ደግሞ ከአዘዞ የመጣሁ ጀማሪ ነኝ፤ ዕጣ ሲያገናኘን ጓደኞቼ ቀድመው "ነፍስ ይማር" አሉኝ።

የተመዘገብኩትም ከቤት ለመሸሽ ነበር። የባድመ ጦርነት ካበቃ ዓመት አልፎታል፤ ታላቅ ወንድሜ ቢሻው ግን አልተመለሰም። እናታችን በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ትላለች። ካሣዬ የቀበሌያችን ጸሐፊ ስለሆነ ከጦሩ የሚመጣ ወሬ መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው። ባገኘሁት ቁጥር እጠይቀዋለሁ፤ "ገና ነው" ይለኛል።

የዚያን ቅዳሜ ሳልጠይቀው ተቀመጥኩ። ብዙም ሳንሄድ ፈረሱን ያለ ጠባቂ ተወልኝ። ወጥመድ መስሎኝ ደጋግሜ አየሁ፤ ወጥመድ የለም። በላሁት። ቀጥሎ ንግሥቱን አምጥቶ አፌ ላይ አስቀመጣት። ተመልካቹ "ጉድ ነው!" አለ። እኔም ለአፍታ ደስ አለኝ፤ ያ ደስታ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቀና ስል ካሣዬ ሰሌዳውን አያይም። እኔን ነው የሚያየው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

መርዶ በእኛ አገር እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳል፤ እስከዚያ ያወቀ ሰው አፉን ይዘጋል። ካሣዬም ዘግቶ ነበር፤ እጁ ነው ያሳበቀበት።

ንግሥቱን አልበላኋትም። የራሴን ንግሥት አንስቼ እሱ በነፃ የሚበላበት ቦታ አስቀመጥኩለት።

"ብላት፣ አያ ካሣዬ።"

"አስናቀው፣ ተጫወት እንጂ።"

"ብላትና አሸንፈኝ። እንደ ወትሮህ አሸንፈኝ!"

የውድድሩ ዳኛ "ጸጥታ!" አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢጨክንብኝ ኖሮ፣ ቢሻው አለ ብዬ ቤቴ እገባ ነበር። ካሣዬ እጁን ወደ ንግሥቴ ሰደደ። መልሶ ሰበሰበው። ከዚያ የራሱን ንጉሥ አጋድሞ፣ "አሸንፈሃል፣ ልጄ" አለኝ።

ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ መናገር የእኔ ፋንታ አይደለም። ምንም እንዳልሰማ ሰው ከእናቴ ጋር ራት ቀረብኩ።

"ጨዋታው እንዴት ሆነ? ማን ረታ?" አለችኝ።

"እኔ።"

ከስንት ጊዜ በኋላ እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እልል አለች።