በስምሽ ግቢ

መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ላይ ማን መቼ እንደገባ የሚመዘገብበት ፋይል አለ። በየወሩ መጀመሪያ፣ ልክ ቀትር ላይ፣ ማሽኑ አሮጌውን ዘግቶ አዲስ ይጀምራል። ጠባቂው እኔ ነኝ። ሌላው ሠራተኛ በገዛ ስሙ ይገባል፤ እኔ ግን ሁሉን በሚከፍተው «ዋና» በሚባል መለያ ነው የምገባው። ቁልፉ በእጄ እያለ በር ምን ያስንኳኳኛል? በስሜ የምገባው የዓመት ፈቃድ ለመጠየቅ ብቻ ነው።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ዲስኩ ሞላ። «የአሮጌ ስም ክምር ምን ይሠራልሻል? ያለፈውን ወር ብቻ አስቀሪ» አሉኝ አለቃዬ። የቀረውን ሰረዝኩ፤ ከእንግዲህም ወር በተለወጠ ቁጥር ማሽኑ ራሱ እንዲሰርዝ አዘዝኩት።

በማግስቱ፣ አምና ጡረታ የወጣውን የንብረት ክፍሉን ጢሞን አንስቼ ስቀልድ የሚስቅልኝ ጠፋ።

«ጢሞ ደግሞ ማነው?» አለ ዘበኛው፣ ስንት ዓመት ምሳ አብሮት የበላው ሰውዬ።

የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ጢሞ ቤት ደወልኩ። ሚስቱ አነሳች።

«ተሳስተሻል እህቴ፤ እኔ አግብቼ አላውቅም።»

ከኋላዋ የጢሞ ሳል ይሰማኝ ነበር።

ስሙን ማሽኑ ላይ ፈለግኩ፤ ከሰረዝኳቸው ፋይሎች ጋር ሄዷል። የሰረዝኩት እኔ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ያልረሳሁት እኔ ብቻ ነኝ። ወዲያው ታናሽ እህቴ ትዝ አለችኝ። ደንበኞች ክፍል ነው የምትሠራው፤ ባለፈው ወር ታማ ሆስፒታል ከተኛች ወዲህ አልገባችም። ነገ ደግሞ አዲስ ወር ነው፤ ስሟ ያለበት ፋይል ቀትር ላይ ይሰረዛል። ስረዛውን ላቁመው ብል፣ ዲስኩ መልሶ ይሞላል፤ የሞላ ዲስክ ደግሞ ማንንም አይመዘግብም። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ እሷ ራሷ በስሟ መግባት አለባት።

ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ጠዋት ላፕቶፔን ይዤ ወደ ሆስፒታሉ ወጣሁ። መንገዱ ተዘጋግቶ ስደርስ ቀትር አልፏል። እስከ ትናንት ከአልጋው ሥር ያልጠፋችው እናታችን፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች።

«ክፍል ተሳስቼ ገብቼ ነው መሰለኝ፤ ያቺን ልጅ አላውቃትም» ትላለች ለነርሷ። በአጠገቧ ሳልፍ ቀና ብላም አላየችኝም።

እህቴ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

«በስምሽ ግቢ!»

«ስሜ… ማን ነበር?»

በጆሮዋ ነገርኳት። ፊደል በፊደል ጻፈችው። የይለፍ ቃሉን ጣቶቿ ራሳቸው አልረሱትም። ማሽኑ ተቀበላት።

ኮሪደሩ ላይ ቦርሳ ሲወድቅ ሰማሁ። እማዬ ሮጣ ገብታ እህቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«ልጄ! አንድ ልጄ!»

በደስታ አልቅሼ ነበር፤ «አንድ» ያለችው ቆይቶ ነው የገባኝ።

እንባዋን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ እመቤት። የማን ልጅ ነሽ? የወለደችሽ እናት የታደለች ናት።»

በስሜ ለመጨረሻ ጊዜ የገባሁት እህቴ በታመመችበት ወር ነበር፤ እሷን ላስታምም ፈቃድ ስጠይቅ። ላፕቶፑን ቶሎ ብዬ ሳብኩና ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ አሳረፍኩ። ከ«ዋና» በቀር የሚመጣልኝ ስም የለም።